አሥራ አንድ ቀን ከሞላሰስ ጋር

ሽማግሌው መካኒክ ታንኩን በሁለት እጃቸው አንስተው ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። ውስጡ ጠብታ ቤንዚን የለም፤ ድምፅ ግን አለ፤ ቅል ውስጥ የደረቀ ፍሬ የሚያሰማው ዓይነት። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበሉት። ከዚያ የመሙያ አፉን ወደ መዳፋቸው ደፍተው ሆዱን መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቀይ ቡናማ ቅርፊት ወረደ። አንዱን ቅርፊት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ሲፈትጉት ዱቄት ሆነ።

«ዶክተር፣ ይቺ ሞተር ስንት ክረምት ቆመች?»

«አራት መሰለኝ ጋሼ። በጨረታ ስገዛት ሣር በቅሎባት ነበር።»

«ታንኩ ባዶ ነበር?»

«ከሥሩ ትንሽ ነበረው። የሸተተ።»

«እንግዲያው ባዶው ነው የበላት» አሉ ጋሼ፤ ታንኩንም ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ያለነው አሰላ ነው፤ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች በቆርቆሮ የተከደነች ጋራዥ ውስጥ። ወጣቱ በትምህርቱ ዶክተር አይደለም። ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅል ባለሙያ ነው፤ የገጠር ሰው ግን የከብት መድኃኒት ይዞ የመጣን ሁሉ ዶክተር ይለዋል። ላም ኮርማ ስትፈልግ ቀጠሮ አትሰጥም። ምልክቱ ጠዋት ከታየ አዳቃዩ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ገበሬው ሌላ ሃያ አንድ ቀን ይጠብቃል። የሃያ አንድ ቀን ወተት፣ የሃያ አንድ ቀን መኖ ማለት ነው። ለዚህ ልጅ ሞተር ሳይክል የሥራው እግር ነው። የገዛውም ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ኤጂ የሚለው ስም ራሱ በእንግሊዝኛ እርሻ ከሚለው ቃል ተቆርጦ የተወሰደ ነው፤ ለእርሻ ሥራ ተብላ የተሠራች፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያላት፣ ጭቃ የማትፈራ ሞተር ናት።

እንዲህ ዓይነት ሞተሮች በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆመው የማየት ዕድል ያላጋጠመው ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዷ ጎማ አጥታ፣ አንዷ ባትሪ አጥታ፣ አንዷ ደግሞ ፕሮጀክቱ ስላለቀ ብቻ በአጥሩ ጥግ ትደረደራለች። ጨረታ እስኪወጣ ዓመታት ያልፋሉ። ሰው ገዝቶ ሲያወጣት ጎማና ባትሪ ይቀይራል፣ ካንዴላ ይለውጣል፣ ቤንዚን ይሞላል። ትነሳለች። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትቆማለች። ካርቡሬተሩ ይጸዳል፤ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር። ከሦስተኛው ጊዜ በኋላ ነው ሰው ወደ ታንኩ ውስጥ ማየት የሚጀምረው።

*

ባዶው በላት የሚለውን የጋሼን ቃል ሳሰላስለው ኬሚስትሪውን ሁሉ በአንድ ቃል የጨረሱት ሆኖ አገኘሁት። ብረት እንዲዝግ ውሃና ኦክስጅን ባንድነት ሊያገኙት ይገባል። እስከ አፉ ቤንዚን በሞላ ታንክ ውስጥ ብረቱ ቤንዚን ተቀብቶ ይቀመጣል፤ አየር የሚያርፍበት ገላ የለውም። ቤንዚኑ ሲጎድል ግን ከላዩ የተፈጠረው ባዶ ቦታ በአየር ይሞላል። የታንኩ ክዳን አየር የሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለው፤ ያለሱ ቤንዚን ወደ ካርቡሬተር አይወርድም። ቀን ፀሐይ ታንኩን ሲያግለው የውስጡ አየር ተለጥጦ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ የውጭው አየር ከነእርጥበቱ ይገባል። እርጥበቱም በቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ጤዛ ሆኖ ይሰፍራል። ታንክ በቀን አንዴ ያስወጣል፣ በሌሊት አንዴ ያስገባል፤ ይተነፍሳል ማለት ነው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቀኑ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። በደጋ አገር ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው ሊነጋጋ ሲል ከጣሪያው ፊቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያውቀዋል። ዝናብ አይደለም፤ የራሱ ትንፋሽ ነው። ታንኩ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ጤዛው ታንኩ ጣሪያ ላይ አይቀርም፤ ተጠራቅሞ ይወርዳል። አንድ ሊትር ቤንዚን የሚመዝነው ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ስለሆነ ውሃው ከቤንዚኑ ሥር ይተኛል። የሞተር ሳይክል ታንክ ደግሞ እንደ ኮርቻ ሻሲው ላይ የተፈናጠጠ ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ዝቅ ያሉ ኪሶች አሉት። የቤንዚን መክፈቻው ያለው በአንዱ ኪስ ብቻ ከሆነ በሌላኛው የተኛው ውሃ መውጫ የለውም። ለዚህ ነው አሮጌ ታንክ ሲቀደድ ብዙ ጊዜ መክፈቻ በሌለው ወገን፣ ከሥሩ፣ ሁለቱ ላሜራዎች በተበየዱበት መስመር ላይ የሚቀደደው።

ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚሞላላቸው የድሮ ሞተሮች ከዚህ በመጠኑ ይድኑ ነበር፤ ዘይቱ ላሜራውን ስስ አድርጎ ይቀባዋል። ኤጂ 100 ግን እንደነሱ ባለሁለት ምት ሞተር ብትሆንም ዘይቷን በሌላ ዕቃ ለብቻ ነው የምትይዘው። ታንኳ ውስጥ ያለው ዘይት የሌለበት ቤንዚን ነው።

ቤንዚኑም ራሱ ተለውጧል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ ነበር። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቀነስ የታሰበ ነው፤ ሐሳቡን አልነቅፈውም። ኤታኖል ግን ውሃ ወዳድ ነው። አሥር በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ አሟሙቶ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ኤታኖሉ ከነውሃው ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳል። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ሳይለይ ተቃጥሎ ያልቃል። አራት ክረምት ለቆመች ሞተር ግን ከታንኩ ሥር ብረት የሚበላ ኩሬ ማስቀመጥ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሀይላንድ ጠርሙስ እየተለካ የሚሸጠውን ስንጨምርበት፣ በየትኛው በርሜል ስንት ቀን እንደቆየና ምን እንደገባበት ሳናውቅ ነው የምንሞላው።

*

ዝገት ብረቱን በልቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከበላው ብረት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። የረገፈው ከቤንዚኑ ጋር ይወርዳል። ካርቡሬተር ውስጥ ሞተሩ ያለ ጋዝ ቆሞ ሲንተከተክ ቤንዚን የሚሰጠው ቀዳዳ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አንዲት የዝገት ቅንጣት ትዘጋዋለች። ሌላዋ ቅንጣት የቤንዚኑን መጠን በምትቆጣጠረው መርፌ ሥር ትገባና መርፌዋ አልዘጋ ትላለች፤ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። የከፋው ግን ቤንዚኑ ሳይቋረጥ ያነሰ እንደሆነ ነው። ባለሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ሲያጥረው ይግላል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። በታንክ የተጀመረው በሽታ በሞተር ያልቃል።

እንግዲህ ይህን ዝገት ማውጣት ነው ሥራው። ጋሼ እንዴት እንደሚያወጡት ከመናገሬ በፊት በእኔ የደረሰውን ልናገር፤ ዝም ማለት አልችልም።

ከዓመታት በፊት የነበረችኝ ሞተር ታንኳ ዝጎ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። የባትሪ አሲድ ሞልተውበት ኖሯል። ስመለስ ውስጡ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃል፤ ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቤቴ በር ላይ እንደቆምኩ ቤንዚን ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከታንኩ ሥር፣ ከብየዳው መስመር ጎን፣ ላብ የመሰለ ጠብታ እያቆረ በጋለው ሲሊንደር ላይ ይንጠባጠባል። የስድስት ዓመት ልጄ መሪውን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። ልጄን እንዴት ብድግ አድርጌ እንደሮጥኩ ዛሬም አላውቀውም። እሳት አልተነሳም። ታንኩ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ታንክ አልሆነም፤ ብዕር ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ስትደፈን ሌላ ይከፈት ነበር።

የባትሪ ውሃ ሲሶው ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ዝገትና ብረት አይለይም፤ ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ይቀጥላል። የታንክ ላሜራ ውፍረት ድሮውንም ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይዘል ነው፤ ዝገት የያዘው ቦታ ደግሞ ግማሹ አልቋል። አሲዱ ተቸኩሎ ሲገባበት የሚያብረቀርቅ ወንፊት ይሆናል። ይህን ሥራ አሁንም የሚሠሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቶሎ ያልቃል፣ ለዓይን ያምራል፣ ደንበኛው ተደስቶ ይሄዳል። እኔም ተደስቼ ነው የሄድኩት።

ሌሎች አሸዋና ጠጠር ጨምረው ይንጡታል። ዝገቱ ይፋቃል፤ አሸዋው ግን ታንኩ ውስጥ ባሉ ስፌቶች ተደብቆ ይቀርና ለወራት ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። ሌሎች ደግሞ ወደ ባትላሜራ ወስደው ሆዱን በግራይንደር አስቀድደው፣ አስፍቀው፣ መልሰው ያስበይዱታል። ይህኛውን ሳስብ ሆዴ ይረበሻል። ቤንዚን ራሱ አይቀጣጠልም፤ የሚቀጣጠለው ትነቱ ነው፣ ትነቱም በአየር ውስጥ ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 እጅ ሲሆን ብልጭታ ብቻ ይበቃዋል። የሞላ ታንክ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ድብልቅ የሚሆን አየር የለም። ባዶው ነው ቦምብ የሚሆነው። አንዴ በውሃ ታጥቧል ማለትም ዋስትና አይደለም። ዝገቱ ውስጥ የተጣበቀው ሙጫ መሰል የቤንዚን ዝቃጭ የብየዳው ሙቀት ሲደርስበት እንደገና ይተንናል። የጋሼ ጋራዥ ውስጥ ለዚህ አንድ ሕግ አለ፤ ታንክ ውስጥ በስልክ መብራት እንጂ በሌላ ብርሃን አይታይም። ክብሪት የሚያወጣ ሰው ወደ መንገድ ይሸኛል።

*

የጋሼ ሥራ የሚጀምረው በእጥበት ነው፤ ያውም በረዥም እጥበት። መጀመሪያ የቤንዚን መክፈቻውንና ክዳኑን ፈቱ። ሁለቱም ከአሉሚኒየምና ከመሰል ለስላሳ ብረቶች የተሠሩ ናቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ለላሜራው የዋህ ቢሆንም እነሱን ይበላቸዋል። የመክፈቻውን ቦታ በላሜራ ቁራጭና በአሮጌ ካላማዳሪያ ጎማ በተቆረጠ ጓርኒሲዮን ደፈኑት። ከዚያ ሙቅ ውሃና ላርጎ። ታጥቦ ተደፋ፤ ደግሞ ታጠበ። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። በመጀመሪያው የወጣው ውሃ ቡና መሰለ፤ የቀለም ሽታ ነበረው። በአምስተኛው ሽታው ጠፋ።

«ቅባት ያለበት ሰው ውሃ ያርሰዋል?» አሉ ጋሼ ወደ ዶክተር ዞረው። «ይሄም እንደዛው ነው። ሙጫው ካልወጣ መድኃኒቱ ዝገቱን አይነካውም።»

ቀጥሎ ዳዶ መጣ። ጠጠር ሳይሆን ዳዶ፤ ትንንሽ፣ ጥርሳቸው ያልተበላ። ረዳታቸው እየቆጠረ ስልሳ አስገባ። አፉን በጨርቅ ደፍነው ሁለቱ እየተፈራረቁ ለአንድ ሰዓት ያህል ናጡት፤ ቅቤ እንደሚናጥ፣ ወደፊትና ወደኋላ፣ ከዚያ እየገለበጡ። ያልጠናው ቅርፊት ሁሉ ረገፈ። ዳዶዎቹ ወጥተው ጆንያ ላይ ሲቆጠሩ ሃምሳ ዘጠኝ ሆኑ። ረዳቱ ደግሞ ቆጠረ። ሃምሳ ዘጠኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ተሳስቼ ይሆናል» አለ። ጋሼ አልመለሱለትም። በገመድ የታሰረች የአሮጌ ስፒከር ማግኔት አምጥተው በመሙያው አፍ አወረዱ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ስልሳኛው ዳዶ መክፈቻ ከሌለው ኪስ ጥግ፣ ስፌቱ ሥር ተሰክቶ ተገኘ። ረዳቱ ያችን ዳዶ ለብቻዋ ቆርኪ ውስጥ ሲያስቀምጣት አየሁ።

ከዚያ ነው ሞላሰሱ የመጣው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ሬት የሚጎተት፤ በቢጫ ጀሪካን። አንድ እጅ ሞላሰስ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው ልኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። በጥብጠው እስከ አፉ ሞሉት፤ አረፋው እንዲወጣ ታንኩን ግራና ቀኝ እያዘነበሉ እንደገና ሞሉ። ባዶ ቦታ ከቀረ እዚያ ያለው ዝገት ሳይነካ ይቀራል።

አሰላ ላይ ሞላሰስ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከተማዋ የወተት ላም አገር ናት፤ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ ካዱ የሚለው፣ የተዳቀሉ ላሞችን ለገበሬው ማዳረስ የጀመረው እዚህ ነው። የተዳቀለች ላም ደግሞ ገለባዋ ላይ ሞላሰስ ሲረጭላት ትወዳለች። ሞላሰሱ ከሸንኮራ ጭማቂ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው። ከአዳማ አጠገብ ያለው የወንጂ ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ተቋቁሞ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በፊንጫና በመተሐራ ደግሞ ከዚሁ ሞላሰስ ኤታኖል ይወጣል፤ ያ ቅድም ያነሳሁት ቤንዚን ውስጥ ይገባ የነበረው፣ ውሃ የሚጠራው ኤታኖል። ከአንድ ሸንኮራ የወጣ ነገር አንዱ ታንኩን እንዲዝግ ሲያግዝ ሌላው ዝገቱን ያወጣል። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ሸንኮራው ምን አጠፋ፤ ያቆማት ሰው ነው» አሉ።

ሞላሰስ ዝገትን የሚያወጣው በጉልበት አይደለም። በውስጡ ያሉት ከዕፅዋት የመጡ ንጥረ ነገሮች የዛገውን ብረት ቅንጣት እንደ ሁለት ጣት ግራና ቀኝ ጨብጠው ወደ ውሃው ያወርዱታል። ያልዛገው ላሜራ ቅንጣቶቹን አጥብቆ ስለያዘ ብዙም አይነካም። ለዚህ ነው ጋሼ የሚመርጡት። ሲትሪክ አሲድም ሥራውን ይሠራል። ነጭ ዱቄቱ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ሲገባ በአንድ ቀንና ሌሊት ብዙውን ዝገት ያወጣል፤ የቸኮለ ሰው እሱን ቢጠቀም አልቃወምም። አቼቶም ያወጣል፤ ግን አሲድነቱ ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ስለሆነ ቀናት ይፈልጋል፣ ታንክ ሙሉ አቼቶ ደግሞ ዋጋው ቀላል አይደለም። ሁለቱም ከጊዜያቸው በላይ ከተረሱ ጤነኛውን ብረት መቅመስ ይጀምራሉ። ሞላሰስ ግን ሰው ለቅሶ ሄዶ ሳምንት ቢቆይ ይታገሣል።

በኤሌክትሪክ የሚያወጡም አሉ። ከአብያታ ሐይቅ ውሃ ይመረት የነበረውን ዓይነት ሶዳ አሽ በውሃ አሟሙተው ታንኩን ከባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቭ፣ መሐሉ ላይ ላሜራውን ሳይነካ የተንጠለጠለ የብረት ዘንግ ከፖዘቲቭ ያገናኛሉ። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ዘንጉ የማይዝግ ብረት ከሆነ ውሃው መርዛማ ክሮሚየም ይይዛል፤ ከታንኩ የሚወጣው አረፋም ሃይድሮጅን ነውና እሳት ባለበት አይሠራም። ኤሌክትሪኩም ዘንጉ ፊት ለፊት ያለውን እንጂ ጥግ የተደበቀውን ዝገት በደንብ አያገኘውም። የሞተር ታንክ ደግሞ ሁለመናው ጥግ ነው።

*

ታንኩ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። ግድግዳው በሞተሩ ሙቀት ለብ ይላል፤ ብርድ ሞላሰሱን ስለሚያሰንፈው ጋሼ ቦታውን አስበውበታል። አጠገቡ በዚያው ብጥብጥ የተሞላ ግማሽ ሀይላንድ ጠርሙስ አኖሩ፤ ውስጡ በክር የተንጠለጠለ የዛገ ምስማር አለ። ታንኩ ውስጥ ያለውን ማየት ስለማይቻል ምስማሩ ምስክር ነው።

በሦስተኛው ቀን ደውዬ ነበር፤ ምስማሩ እንዳለ ነው። በአምስተኛው ቀን ሄድኩ። ጋራዡ የጠላ ጥንስስ ሸተተ፤ ከታንኩ አፍ ላይ አረፋ ተነስቷል። ምስማሩን በክሩ አውጥተው በጨርቅ ሲጠርጉት ግማሹ ጠቆረ፣ ከጥቁሩም ሥር ግራጫ ብረት ብቅ አለ። ራሱ አካባቢ ግን ገና ቀይ ነው። መልሰው ከተቱት። ዶክተር በተውሶ ሞተር ነበር የሚሠራው፤ በዚያ ሳምንት ሁለት ላም አምልጦታል። ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ግን አንዴም አፋጥኑልኝ ሲል አልሰማሁትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ምስማሩ ከራሱ እስከ ጫፉ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ጋሼ በጥፍራቸው ፈቀፈቁት፤ ምንም አልተከተላቸውም።

«አምጡት።»

ሲደፋ የወጣው ፈሳሽ ጥቁር ነበር፣ ከላዩ ነጭ ሻጋታ ያዘለ። ረዳቱ ጎረቤት ያሉትን ላሞች እያየ «ይሄን ለነሱ ብንሰጣቸውስ?» ሲል ጋሼ ቆጡት። ሞላሰሱ አሁን መኖ አይደለም፤ በሟሟ ብረትና በቤንዚን ቅሪት የተሞላ ነው። ራቅ ብሎ በተቆፈረ ጉድጓድ ገባ፤ የመጀመሪያው ቤንዚን ያለበት እጣቢ ደግሞ ገና ከጅምሩ በተለየ ጀሪካን ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ በሩጫ ነው። አሥራ አንድ ቀን ታግሦ እዚህ ላይ የሚዘናጋ ሰው ድካሙን በሩብ ሰዓት ያጣል። የተራቆተ እርጥብ ብረት አየር እንዳገኘ ይዝጋል፤ በዓይኔ አየሁት። በጎማ ውሃ ታጥቦ ሲያልቅ በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ ሳይ ላሜራው ግራጫ ነበር፤ ንጹሕ፣ ጥቂት ጠቃጠቆ ያለበት። ረዳቱ የቤኪንግ ሶዳውን ውሃ እስኪያመጣ ባለው ጊዜ ከመሙያው አንገት ሥር ብርቱካንማ ጥላ ማጥላት ጀመረ። ሶዳው ገብቶ የቀረውን ኮምጣጣ ነገር ገደለው። ወዲያው ተደፋ፣ ታጠበ፣ ተራገፈ። ከጎን ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት በተውሶ የመጣው ማድረቂያ በመሙያው አፍ ተደግኖ ሙቅ አየር ነፋበት፤ ውሃው በሥር ቀዳዳው በእንፋሎት ወጣ። ውሃውን ቶሎ ለማባረር አልኮል የሚያንቆረቁሩ መካኒኮች አሉ። እንደዚያ ያደረገ ሰው ማድረቂያ ማስጠጋት የለበትም፤ አልኮሉ በጋለው ሽቦ ይቀጣጠላል። አንዱን መምረጥ ነው።

ታንኩ በእጅ ሲነካ ገና ትኩስ እንዳለ ጋሼ ግማሽ ሊትር ቤንዚን ከአንድ የሻይ ብርጭቆ የባለሁለት ምት ዘይት ጋር ቀላቅለው ጨመሩ። እንደ ሕፃን አቅፈውት እያዞሩ፣ እያዘነበሉ፣ እየገለበጡ ቆዩ። ያች ያጠላችው ብርቱካንማ ጥላ በዘይቱ ሥር ቀረች።

ዶክተር በስልኩ ያየው ሽፋን ነበር፤ ታንክ ውስጥ ፈሶ እንደ ቆዳ የሚደርቅ ፕላስቲክ መሰል ቀለም። «እሱን ብናለብሰውስ ጋሼ?» ሲል ጠየቀ። እኔም በዚህ የጋሼን ሐሳብ እጋራለሁ። ሽፋን ቀዳዳ ለጀማመረው ታንክ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ ነገር ነው። ትንሽ ቅባት ወይም ዝገት ላይ ከተለበሰ ውሎ አድሮ ይላቀቅና በቁራጭ እየተቀደደ መክፈቻውን ይደፍናል፤ ያኔ ሽፋኑን ማውጣት ዝገቱን ከማውጣት ይብሳል። ይህ ታንክ አልተቀደደም። ታንኩን ከሥር በኖራ ቀብተው ቤንዚን ሞልተው አንድ ሌሊት ስላሳደሩት አረጋግጠዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ኖራው ነጭ እንደሆነ ነበር፣ አንድም የራሰ ነጥብ አልታየበትም።

ከዚያ የቀረው ቀላል ነው። መክፈቻው በአዲስ ጓርኒሲዮን ታሰረ፣ የክዳኑ የአየር ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ተጠረገ፣ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ታጠበ፣ ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ በሚወርደው ጎማ መሐል ውስጡ የሚታይ ፊልትሮ ገባ። ሞተሯ በሦስተኛው እርግጫ ተነሳች። ዶክተር ሁለት ሊትር ብቻ ሊሞላ ነበር፤ ጋሼ ከኪሳቸው ብር አውጥተው ረዳታቸውን ወደ ማደያ ላኩት።

«እስከ አንገቱ። ስትገባ ማታ ማታ ትሞላዋለህ፣ ጠዋት አይደለም። ብሩን ወር ሲደርስ ታመጣዋለህ።»

ከሳምንት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልካቸው ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ጋሼ፣ ኢተያ ነኝ። ሄዳ መጣች፣ አንዴም አልቆመችም።»

«ፊልትሮውን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምን አለው?»

ዝም አለ ለትንሽ ጊዜ። «ከሥሩ ትንሽ ቡናማ ነገር አለ።»

«ምን ያህላል?»

«ቁንጥር ጨው።»

«ስፌቱ ውስጥ የቀረ ነው። ቅዳሜ አምጣት፣ ፊልትሮውን እንቀይራለን። ታንኩስ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው ጋሼ።»